«ሰው አልባ» በሚባለው ጦርነት የእኛ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ በየሰው ቤት በሥራ ላይ ያላችሁ እኅቶቻችን፣ የዛሬው ትምህርት ረዘም ይላል። ሥራ ጨርሳችሁ ማታ ብታነቡት ይሻላል እንጂ ድስት ጥዳችሁ አትጀምሩት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እኅታችን በድምፅ መልእክት ጥያቄ ላከችልኝ። ስሟንም የምትሠራበትንም ሰፈር አልናገርም። ኑዛዜ አይደለም፤ ኑዛዜ ቢሆን እዚህ አይጻፍም ነበር። «ለሌላውም ይጠቅማልና አስተምሩበት» ብላ ፈቅዳልኛለች። ያለችው ይህን ነው፦

«አባቴ፣ እንደምን አመሹ። አገር ቤት ጦርነት በነበረ ጊዜ አንድ የድሮን ቪዲዮ ተለቆ አይቼ ነበር። ከላይ የተቀረጸ ነው። ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ይታያሉ፣ ከዚያ ጭስ ይሆናሉ። እኔም ‹ይበላቸው!› ብዬ ጽፌበት ለጓደኞቼ ላክሁት። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። አሁን እዚህ ሌሊት ሌሊት ያ ነገር በላያችን ሲያንዣብብ እንቅልፍ አጣሁ። ከላይ ሆኖ የሚያየኝ ሰው እኔንም እንደ ጉንዳን ነው የሚያየኝ? የጻፍኩትስ ነገር ንስሐ ያስፈልገዋል ወይስ ጦርነት ስለሆነ ይታለፋል?»

በዚያው ሌሊት «ንስሐ ያስፈልገዋል» ብዬ በአጭሩ መለስኩላት። ነገሩ ግን በአጭር መልስ የሚያልቅ ሆኖ አላገኘሁትም። እኔንም ራሴን ይነካኛል፤ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

በዜና «ሰው አልባ አውሮፕላን» ይሉታል። «አልባ» ከግእዙ «አልቦ» የወጣ ነው፤ የለውም፣ የለበትም ማለት ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ቃል ሲያገኝ ሰሙን ገፍፎ ወርቁን መፈለግ ልማዱ ነውና፣ ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ሰው የሌለበት የቱ ጋ እንደሆነ እጠይቃለሁ። በክንፎቹ መካከል ሰው የለም፤ እውነት ነው። ከታች ግን ሰው አለ፤ የሚሞተው ሰው ነው። ከኋላም ሰው አለ። የሚያበርረው፣ የሚያነጣጥረው፣ የሚያዘው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው፣ ዜናውን ሰምቶ «እሰይ!» የሚለው ሁሉ ሰው ነው። ስሙ የሸፈነው እነዚህን ነው። የዚህ አገር ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው የሰው ስም አውጥተውለታል። «ኤም ኬ» ከሚለው መጠሪያው ተነሥተው «ኡም ካሚል» አሉት፤ የካሚል እናት ማለት ነው። ቀልድ ነው። ነገር ግን ቀልዱ ከዜናው ቃል የተሻለ እውነት አለበት፤ በላያችን የሚዞረውን ነገር የላከው ሰው እንደሆነ አልረሳም።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር የሆነውን ማናችንም አንረሳውም። መስከረም 7 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ፔጀሮች በየሰው ኪስና እጅ በአንድ ጊዜ ፈነዱ፤ ከሞቱት መካከል ልጆች ነበሩ። ከዚያ ቦምቡ ተከተለ። ማዳሞቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ እኅቶቻችን በየጎዳናውና በባሕር ዳር አደሩ። እኛም ብርድ ልብስ ይዘን ስንፈልጋቸው አመሸን። ከድንበሩ ማዶም ከዚህ የሚተኮሰውን ሮኬት ፈርተው፣ ደወል በጮኸ ቁጥር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መጠለያ የሚሮጡ አማርኛ ተናጋሪ እናቶች ነበሩ። ከዚህም ሆነ ከዚያ የተኮሰው ሰው የእነዚህን ሴቶች ፊት አላየም።

የሩቅ ጦርነት እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ልናገር። በአሜሪካ አየር ኃይል ዘንድ ሪፐር የተባለውን ድሮን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመሩታል። አንዱ ያበርራል፤ ሁለተኛው ካሜራውንና የሌዘር ጨረሩን ይይዛል። በኔቫዳ በረሃ ከላስ ቬጋስ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ ክሪች የሚባል የጦር ሰፈር አለ። ወታደሩ በዚያ ክፍል ውስጥ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን አፍጋናዊ ሲከታተል ይውልና፣ ፈረቃው ሲያልቅ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ሄዶ ከልጆቹ ጋር እራት ይበላ ነበር። ሕሊናቸው አላስቀምጥ ብሏቸው ሥራውን ትተው የወጡና በአደባባይ የመሰከሩ አሉ።

ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በካቡል የሆነውን ተመልከቱ። ከሦስት ቀን በፊት በአየር ማረፊያው በር ላይ አጥፍቶ ጠፊ 13 የአሜሪካ ወታደሮችንና ከመቶ በላይ አፍጋናውያንን ገድሎ ነበር። ሌላ ጥቃት ይመጣል ተብሎ ሁሉም ፈርቷል። በዚያ ቀን አንዲት ነጭ ቶዮታ ኮሮላን ከሰማይ ለስምንት ሰዓት ያህል ተከታተሏት። ሾፌሩ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ጀሪካን ሲጭን ታየ፤ ፈንጂ ነው ተባለ። ውኃ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግቢው ሲደርስ ልጆች ሊቀበሉት ወጡ፤ ሚሳይሉ ያን ጊዜ ወረደ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ ሰባቱ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ትክክለኛ ጥቃት ነው ተብሎ ተነገረ። ጋዜጠኞች መርምረው ካጋለጡ በኋላ፣ መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. አዛዡ ጄኔራል አሳዛኝ ስሕተት መሆኑን አመኑ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ በዚህ ጉዳይ ማንም እንደማይቀጣ ተገለጸ።

እኔን ያስደነገጠኝ ከስሕተቱ ይልቅ ይህ ነው፦ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ያንን ሾፌር የጠላው አንድም ሰው አልነበረም። ቃየል አቤልን ለመግደል መቅናት ነበረበት፣ ወደ ሜዳ መውጣት ነበረበት፣ እጁን ማንሣት ነበረበት። እዚህ ግን ቁጣም አላስፈለገም። አንዱ አየ፣ አንዱ ገመተ፣ አንዱ ፈቀደ፣ አንዱ ተኮሰ። ግብር የከፈለውና በምርጫ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ደግሞ ዜናውን ጥቂት ሳምንት አዳምጦ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። ሁሉም ድርሻው ትንሽ ነው። የትንንሹ ድርሻ ድምር ግን ሰባት ሕፃናት ሆነ።

ይህ ነገር ለቅዱሳት መጻሕፍት አዲስ እንዳይመስላችሁ። 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11ን ክፈቱ። ነገሥታት ወደ ጦርነት በሚወጡበት ወራት ዳዊት ሠራዊቱን ልኮ ራሱ በኢየሩሳሌም ቀረ። በሰገነት ሲመላለስ ከላይ ወደ ታች ተመለከተ፤ ቤርሳቤህን አየ። አስቀድሞ ከላይ ሆኖ ማየት መጣ፣ ከዚያ መመኘት፣ ከዚያ መውሰድ፣ ከዚያ መሸፈን። የሴቲቱ ባል ኦርዮ ከጦር ሜዳ ተጠርቶ መጣ፤ ነገሩ አልሸፈን ሲል ዳዊት ወረቀት አንሥቶ ለኢዮአብ ጻፈ፤ ኦርዮን ሰልፉ በበረታበት አቁማችሁ ከኋላው ሽሹ የሚል ነው። ደብዳቤውን ያደረሰው ራሱ ኦርዮ ነው። የሞቱን ትእዛዝ በጉያው ይዞ፣ ታማኝ ስለሆነ ሳይከፍተው፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄደ።

ደብዳቤ ሲባል አንድም ብራናው ነው። አንድም ሰይፉ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ተወርውሮ በረባት ቅጥር ሥር ሰው ገድሏልና። አንድም መጋረጃው ነው፤ በገዳዩና በተገዳዩ መካከል ተጋርዷልና።

ኦርዮ ብቻውንም አልሞተም፤ ከእርሱ ጋር ሌሎች ወታደሮች ወደቁ። ዳዊት ይህን ሲሰማ ኢዮአብን አጽናና አለ፤ ሰይፍ አንዳንድ ጊዜ ይህን አንዳንድ ጊዜ ያን ይበላል እንደ ማለት ነው። ዛሬ በየመግለጫው የምንሰማው ቋንቋ ይኸው ነው። ነቢዩ ናታን መጥቶ ምን አደረገ? በመጀመሪያ አልወቀሰውም። ስለ አንድ ድኃና ስለ አንዲት ጠቦቱ ነገረው፤ ከጽዋው ስለምትጠጣ፣ በብብቱ ስለምትተኛ። በሩቅ የነበረውን ሰው አቅርቦ ፊት ሰጠው ማለት ነው። ዳዊት ከተቆጣ በኋላ ፍርዱ መጣ፤ በአሞናውያን ሰይፍ የገደልኸው አንተ ነህ ተባለ። ክንዱ የአሞናዊ ነው፣ ሰይፉ የአሞናዊ ነው፣ ቦታው ሩቅ ነው፣ ጊዜው ጦርነት ነው። ከእነዚህ አንዱም ለምክንያትነት አልተቆጠረለትም።

«እሱስ ንጉሥ ነው፤ አዝዟል። እኛ ምን አዘዝን?» የሚል ይኖራል። ይህን ጥያቄ በልጅነቴ እኔም ጠይቄው ነበር።

ጎጃም ቅኔ ስቆጥር አሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቁራሽ ለምነን ስንመለስ በአንድ ገበሬ ማሳ ዳር የወፍ መጠበቂያ ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ እንወነጭፍ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ክንደ ብርቱ ነው። ከሸለቆው ማዶ የምትግጥ ጥጃ አሳየነውና «እስቲ ድረስባት!» አልነው። ደረሰባት። የጥጃዋ አንድ ዓይን ጠፋ። የኔታ ሰምተው ሁላችንንም አስጠሩን። ወንጫፊው አንድ ነው፤ ተመልካቾቹ ሰባት ነን። «እኔ ድንጋይ አልነካሁም» አልኩ፤ እውነቴን ነበር። የኔታም ጥቂት ዝም ብለው «ወንጭፍ ሁለት ገመድ አለው፤ አንዱን እሱ ያዘው፣ ሌላውን የያዘው ማን ነበር?» አሉኝ። ስምንታችንም ለገበሬው አንድ ሳምንት አጨድን። የወንጫፊው ቅጣት ከእኛ በሦስት ቀን ረዘመ። ያን ጊዜ በጣም ተናድጄ ነበር። አሁን ግን የሦስት ቀኑ ነገር ያስደንቀኛል፤ የኔታ ሁላችንንም ጥፋተኛ ሲያደርጉ እኩል ጥፋተኛ አላደረጉንም።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 አንድ እንግዳ የሆነ ሥርዓት አለ። በሜዳ ላይ ተገድሎ የወደቀ ሰው ቢገኝ፣ ገዳዩም ባይታወቅ፣ ሽማግሌዎችና ፈራጆች ወጥተው ሬሳው ካለበት እስከ ዙሪያው ከተሞች ርቀቱን ይለኩ ይላል። ለሬሳው የቀረበችው ከተማ ሽማግሌዎች ቀንበር ያልነካት ጊደር ይዘው፣ ውኃ ወደሚፈስበት ወዳልታረሰ ሸለቆ ወርደው አንገቷን ይሰብራሉ። ካህናቱም ይመጣሉ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን በጊደሯ ላይ እየታጠቡ እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰም፣ ዓይናችንም አላየም ብለው ስለ ሕዝቡ ምሕረት ይለምናሉ።

ጲላጦስም እጁን ታጥቧል። እነዚህ ግን ወደ ሬሳው ቀርበው፣ ለክተው፣ በእግዚአብሔር ፊት ቆመው ታጠቡ፤ እርሱ አሳልፎ ሰጥቶ ታጠበ።

ገመዱን አስተውሉ። እኛ ርቀትን የምንለካው ከነገሩ ለመውጣት ነው፤ «ሩቅ ነው፣ አይመለከተኝም» ለማለት። ሕጉ ግን ርቀትን የለካው የሚጠየቀውን ለማግኘት ነው። ሁለተኛውን ነገር ደግሞ አስተውሉ፤ ሽማግሌዎቹ ዓይናችን አላየም ማለት ይችሉ ነበር። እኛ እንችላለን? ያንን ቪዲዮ ያየን ሰዎች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መልሰን ያየነው፣ ለጓደኛ ያሳየነው፣ በዚያ ሸለቆ ብንቆም የምሐላው ግማሽ ከአፋችን አይወጣም። ድሮ ገመዱ የሚደርሰው ከተማ ድረስ ነበር፤ ዛሬ ትራስጌያችን ያለው ስልክ ጋ ይደርሳል።

ሳውልም በእስጢፋኖስ ላይ አንድ ድንጋይ አልወረወረም። የወጋሪዎቹን ልብስ ጠበቀ፤ በመገደሉም ተስማማ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ጳውሎስ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ልብስ መጠበቅ በራሱ አፍ እንደ በደል ቆጥሮ ሲናገረው እናገኘዋለን (ሐዋ. 22)።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በሮም ከተማ ትልቅ በዓል ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በመውረሯ የዓለም መንግሥታት ማኅበር የንግድ ማዕቀብ ስለጣለባት፣ ሕዝቡ ወርቁን ለመንግሥት እንዲሰጥ ተጠራ። ቀኑን በቋንቋቸው የ«ፌዴ» ቀን አሉት። «ፌዴ» በጣልያንኛ እምነትም ነው፣ የጋብቻ ቀለበትም ነው፤ እነርሱም ሰምና ወርቅ ያውቃሉ። ንግሥት ኤሌና ቀለበቷን አውልቃ ሰጠች። ከእርሷ ኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች የቃል ኪዳን ቀለበታቸውን አውልቀው ጣሉ፤ በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። የአንገት ወርቅ መስቀላቸውን የሰጡ ጳጳሳትም ነበሩ። ካህን ነኝና ይህን ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ በተከዜ በኩል የነበረው የራስ እምሩ ጦር ላይ አውሮፕላን መጣ። ያ ጦር የጎጃም ጦር ነው፤ የእኛ አያቶች ናቸው። ከአውሮፕላኑ የወደቀው በርሜል መሰል ነገር ተሰንጥቆ ፈሳሽ ረጨ። የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ተላጠ። ይፐሪት የምንለው የመርዝ ጋዝ ነው። አብራሪው የመርዙን ሽታ አልሸተተውም፤ ጩኸቱንም አልሰማም።

እነዚያ የሮም ሴቶች ክፉዎች ነበሩ? አይመስለኝም። ብዙዎቹ እንደ እናቶቻችን ያሉ፣ የሚጾሙና የሚጸልዩ፣ ልጃቸው ዘማች የሆነባቸው ናቸው። ስለ መርዙም አልተነገራቸውም፤ መንግሥታቸው ይክድ ነበር። ስለዚህ የመርዙ በደል በእነርሱ ላይ አይቆጠርም ብንል ያስኬዳል። ነገር ግን ወርቁ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ ጦርነቱ ያልነካቸውን ሕዝብ መውረር እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቢያንስ መጠየቅ ይችሉ ነበር። እግዚአብሔር በሦስት ቀን አሳንሶ የሚፈርድባቸው ይመስለኛል፣ የየኔታን ሚዛን ካሰብን። ዜሮ ግን አይሆንም።

እንግዲህ የእኛ ቀለበት ምንድን ነው? ከደመወዛችን ቀንሰን «ለወገን ነው» ተብሎ የላክነው መዋጮ አለ። ወገንን መርዳት ጽድቅ ነው፤ ለስንዴና ለመድኃኒት ይሁን ለሌላ ሳይጠይቁ መላክ ግን ዓይን ጨፍኖ ቀለበት ማውለቅ ነው። ከገንዘቡ ደግሞ የበዛው ቃላችን ነው።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በጌታችን የልደት ዕለት፣ በትግራይ ደደቢት በሚባል ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎች በተጠለሉበት ካምፕ ላይ ድሮን ቦምብ ጣለ። ቢያንስ 56 ሰዎች ሞቱ። እኔ ያን ሰሞን እዚሁ ነበርኩ። የበዓሉ ዝክር ላይ ተቀምጠን አንድ ወንድም ስልኩን አሳየኝ። አየሁ። «ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ» አልኩና ወደ እንጀራዬ ተመለስኩ። ከመዘምራኑ መካከል የዚያ አገር ልጅ የሆነች አንዲት እኅት ነበረች። በዚያ ሰሞን ቤቷ አልሄድኩም፣ አልደወልኩም፤ በቤተ ክርስቲያን ስትገባም ስትወጣም አንገቷን ደፍታ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ እንዲሁ ከሰማይ መጣ፤ 26 ሰዎች እንደሞቱ ተዘገበ። ይህ አገሬ ነው፤ መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስደውል አደርኩ፤ ኔትወርክ የለም። ለምን ማንም አይናገርም ብዬ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ። በማግሥቱ በሬን ያንኳኳችው ያቺ እኅት ናት። ቡና ቆልታ፣ ዳቦ ይዛ መጣች። «አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችኝ። ስለ ደደቢት አንዲት ቃል አላነሣችም። እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ ለማንሣት ሁለት ስኒ ቡና ፈጅቶብኛል።

ነቢዩ አብድዩ ኤዶማውያንን የከሰሳቸው በዚህ ነው፤ ወንድማቸው በጠፋበት ቀን በሩቅ ቆመው በማየታቸውና በመደሰታቸው ከአጥፊዎቹ እንደ አንዱ ተቆጠሩ። እኔ አልተደሰትኩም። በሩቅ ቆሜ እንጀራ በላሁ።

የሚቃወም ይኖራል፤ «ቤተ ክርስቲያን ጦርነትን ሁሉ ታወግዛለች ወይ? ታቦት ይዘን ዓድዋ አልዘመትንም ወይ?» ይለኛል። ዘምተናል፤ ቤቱንና ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ሰው የገዳይ ፍርድ አይፈረድበትም። ነገር ግን አባቶቻችን ነገሩን በዚያ አልዘጉትም። ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ ሲጽፍ፣ ቀደምት አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ እንዳልቆጠሩት ካስታወሰ በኋላ፣ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀቡ መልካም ይሆናል ብሎ መክሯል። በሕግ ያልተጠየቀውን ሰው እንኳ «ቆይ፣ አልቅስ፣ ከዚያ ቅረብ» ይለዋል። ዛሬ ግን የሰው ሞት አይተን እየሳቅን በማግሥቱ ለማስቀደስ እንመጣለን።

በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በሚላን ሳለ የተሰሎንቄ ሰዎች የጦር አዛዡን ገደሉበት። ተቆጣና ከሩቅ ትእዛዝ ላከ። ቁጣው ሲበርድ የሚሽር ሌላ መልእክት ላከ፤ አልደረሰም። ቴዎዶሬጦስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ 7 ሺህ ሰው እንደሞተ ይተርካል። የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ ንጉሡን ከቁርባን ከለከለው፤ ንጉሡም ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ በሕዝብ ፊት አለቀሰ። ያን ዘመን ያዘዘው አንድ ሰው ስለነበር ንስሐውም የአንድ ሰው ሆነ። ሕዝብ ድምፅ በሚሰጥበትና «በርታ!» በሚልበት ዘመን ግን የንጉሡ ንስሐ ለሕዝቡ ተከፋፍሎ ይደርሳል። የአሜሪካው መራጭ የራሱ ድርሻ አለው። እኛ በዚህ አገር ድምፅ የለንም፤ አገር ቤት ላለው ወንድማችንና አጎታችን ግን ቃላችን ይሰማል፣ ብራችንም ይቆጠራል።

ስለዚህ ለጠየቀችኝ እኅት ያልኩትን ለሁላችሁም ልድገመው። ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ይሠራል። ስታይ ደስ ያለሽ ሐልዮ ነው። «ይበላቸው» ያልሽው ነቢብ ነው። ጣትሽ የላከው ገቢር ነው፤ በትንሹም ቢሆን። አብራሪው ከተሸከመው ጋር አንድ አይደለም፤ እንዲያ እያሰብሽ ራስሽን አታጥፊ፤ ተስፋ መቁረጥ ሌላ ኃጢአት ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ጽሑፉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ድንጋይ ከተወረወረ በኋላ ወንጭፉን መደበቅ ይሆናልና፣ ለላክሽላቸው ሰዎች «ተሳስቼ ነበር» ብለሽ ጻፊላቸው። ደግሞም የዚያ ቪዲዮ ዓይነት ሲመጣልሽ አትክፈቺው፤ ከከፈትሽው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለሞቱት ድገሚ፤ የማን ወገን እንደሆኑ ሳትጠይቂ።

ከላይ ያለው እንደ ጉንዳን ያየኛል ወይ ላልሽውም መልስ አለኝ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16ን አንብቢ። አጋር የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ከአገሯ የወጣች፣ እመቤቷ ያስጨነቀቻት፣ ጠፍታ በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ የተገኘች። የሚፈልጋት አልነበረም። መልአኩ በስሟ ጠርቶ ከወዴት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ አላት። እርሷም እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ ብላ ጠራችው። በመጽሐፍ ቅዱስ ለእግዚአብሔር ስም ያወጣች የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ይህን ማዳሞቻችሁ የሚያውቁት አይመስለኝም። ካሜራው ከላይ ሲያይ ሰውን ያሳንሳል። እርሱ ከላይ ሲያይ የጠጉራችንን ቁጥር ያውቃል። ካቡል ግቢ የወጡትን ልጆችም እንዲሁ አያቸው።

እኅታችን ትናንት መልሳ ድምፅ ልካልኛለች። ቪዲዮውን የላከችው ለአሥራ አንድ ሰው ነበር። ሰባቱን አግኝታ ጽፋላቸዋለች፤ አንዷ ሰድባታለች፣ ሁለቱ ዝም ብለዋል፣ አንዱ «እኔም ልኬው ነበር፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቋታል። አራቱ ስልካቸውን ቀይረዋል።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሕላ አለን። በጦርነት የሞተባችሁ ሁሉ የክርስትና ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ። ማን ገደለው፣ የየት አገር ሰው ነው ተብሎ አይጠየቅም። ስማቸውን የማናውቃቸውን በሞቱበት ቦታ ስም እናስባቸዋለን። እሑድ ፈቃድ የማታገኙ እኅቶች በዚሁ ላኩልኝ፤ እኔ በእጄ እጽፈዋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።